ገልብጣችሁ እዩት፦ ስለ ፕሪንት ጥለት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከውጭ ታትሞ ስለሚገባው የሐበሻ ልብስ

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አያይዣለሁ። ሁለቱም ነጭ ናቸው። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ አረንጓዴና ቢጫ ጥለት አላቸው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከላይ ብቻ ካያችኋቸው ልዩነታቸው ቶሎ አይታያችሁም። እኔም ሲመሽ አንዳንዴ እሳሳታለሁ። እባካችሁ ገልብጣችሁ እዩዋቸው። የአንደኛው ጀርባ ላይ ክሩ እየተሻገረ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያል። የሌላኛው ጀርባ ገርጥቷል፤ ቀለሙ ከላይ ነው የተመታው። ፕሪንት የምንለው እሱን ነው።

አሁንም ካላመናችሁኝ ከየጫፋቸው አንዳንድ ክር መዛችሁ ክብሪት ጫሩበት። ጥጡ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፕሪንቱ ግን ይኮማተርና ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሽሮ ሜዳ ላይ ጠንቃቃ ደንበኛ ሲመጣ ሱቁ በር ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። (ቢሮ ውስጥ ስትሞክሩት መስኮት ክፈቱ፤ ይሸታል።)

ሱቅ ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አባቴ ሸማኔ ነበር። ከጨንቻ መጥቶ እዚሁ ጉለሌ ቤት ተከራየ፣ ወለሉን ቆፈረ፣ ሸማ ዕቃውን ተከለ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ስድስት ልጅ አሳደገ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔ ሥራ ቀሰም መጠቅለል ነበር። የመወርወሪያው ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ "ክር ተበጠሰ" እንል ነበር እንጂ "አባባ ደከመው" ብለን አናውቅም። ሸማኔን መናቅ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አሁን ንቀቱ ቀንሷል። በበዓል ቀን አገሩ ሁሉ የሸማኔ ሥራ ለብሶ ይወጣል። ወይም የሸማኔ ሥራ የሚመስል።

የምጽፍላችሁ ስለሚመስለው ነው። ከዚያ በፊት ግን ንስሐ ልግባ። እኔም ሸጫለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ፕሪንት ሸጫለሁ። ጎረቤቶቼ በሙሉ አስገብተው፣ ደንበኛ በሬ ላይ ቆማ "ሽፎን የለሽም?" ብላ ስታልፍ፣ የሱቅ ኪራዩ ደግሞ ገበያ ኖረም አልኖረም ሲጨምር፣ እኔም አመጣሁ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ያቆምኩት አንዲት እናት ለልጃቸው መልስ የሚሆን ቀሚስ ይዘው "የእጅ ሥራ ነው አይደል?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ አፌ "አዎ" ሊል ሲል የያዝኩት ቀን ነው። "አይደለም እማማ፣ ፕሪንት ነው" አልኳቸው። አመስግነው ወጡ። ወዲያው ሌላ ሱቅ ገብተው በዚያው ልብስ ላይ "አዎ" ተብለው ገዙ። ፌስታላቸውን ይዘው በበሬ ሲያልፉ አየኋቸው።

አሁን ደግሞ ስለተያያዘው ጨርቅ። የእጅ ሥራውን የሠሩት ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ፣ ጥለቱ ጠንከር ካለ፣ ከሳምንት በላይ ይይዛቸዋል። ይህን ጥለት ራሳቸው አውጥተው ሠርተው አመጡልኝ። ወደድኩት። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ጥለት ታትሞ፣ በጥቅል በጥቅል ሆኖ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ላይ ተሰቀለ።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ሳቁ። የሠሩት ጨርቅ ላይ አንድ ቦታ ቢጫ ክር ዘልላባቸው ነበር፤ ማንም የማያያት ትንሽ ስህተት ናት። ፕሪንቱ ላይ ያቺው ስህተት በየክንዱ እየተደጋገመች ታትማለች። "ከሰረቁ አይቀር ምናለ ስህተቴን እንኳ ቢያርሙልኝ" አሉ። ዋጋውን ጠየቅሁ። እኔ ለጋሼ ለክሩና ለጉልበታቸው ከምከፍለው ሲሶ አይሞላም። እዚያው ቆሜ ጋሼ ከእኔ ይልቅ ረጋ ማለታቸው አናደደኝ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ጉዳይ ልምጣ። በየስብሰባው "ዳምፒንግ" የሚባል ቃል እሰማለሁ። ርካሽ ዕቃ ሁሉ ዳምፒንግ እየተባለ ነው። እንደዚያ አይደለም፤ ርካሽ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም። ዳምፒንግ የሚባለው ላኪው ዕቃውን በገዛ አገሩ ከሚሸጥበት አሳንሶ ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ ነው። ተቀባዩ አገር ሁለቱን ዋጋ ያነጻጽራል። ልዩነት ካገኘ፣ ያም ልዩነት የአገሩን አምራች እንደጎዳ ከተረጋገጠ፣ ከልዩነቱ ያልበለጠ ተጨማሪ ቀረጥ ይጥላል። ካናዳ በ1904 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕግ አውጥታለች። ዛሬ የዓለም ንግድ ድርጅት ራሱን የቻለ ስምምነት አለው።

የእኛ ነገር እዚህ ላይ ይጠላለፋል። ጓንዡ ከተማ ውስጥ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ የምትወጣ ቻይናዊት የት አለች? በአገሩ የሚሸጥበት ዋጋ የሚባል ነገር የለም። የሚነጻጸርበት የለም። ደንቡ ለዚህም መላ አለው። ወይ ወደ ሦስተኛ አገር የተሸጠበትን ይወስዳል፣ ወይ የክሩን፣ የቀለሙን፣ የሠራተኛውን ወጪ ደምሮ፣ ተገቢ ትርፍ ጨምሮ ዋጋ ያወጣል። ሒሳቡ ይቻላል። ከሽሮ ሜዳ ሱቅ ሆኖ ግን አይቻልም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ተጎዳሁ የሚለው አምራች የሚሠራው ዕቃ ከውጭ ከሚገባው ጋር "ተመሳሳይ" መሆን አለበት። ፕሪንቱ ከጋሼ ሥራ ጋር ይመሳሰላል ካልን ስንኮራበት የኖርነውን ነገር በአፋችን አፈረስነው። አይመሳሰልም ካልን ደግሞ አቤቱታው እዚያው ላይ ተዘጋ። ብዙ አሰብኩበት። ገዢዋ አንዱን አስቀምጣ ሌላውን ካነሳች፣ ያንንም በስመ "የሐበሻ ልብስ" ከገዛች፣ ገበያ ላይ ተመሳስለዋል። ኩራቴን ለዚህ ስል እውጠዋለሁ።

"ቻይና ገደለችን" ሲባልም ዝም እላለሁ። ጥለቱን በስልክ ልኮ ያሳተመው እዚሁ ያለ የእኛው ሰው ነው። የቻይናው ፋብሪካ የታዘዘውን ነው ያተመው።

እንደ እኔ ግምት ትልቁ ቀዳዳ ዳምፒንጉ ላይ አይደለም። ጉምሩክ ላይ በሚመዘገበው ዋጋ ላይ ነው። በአገራችን ከፍተኛው የቀረጥ ምጣኔ 35 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ይመስላል። ግን 35 በመቶው የምንድን ነው? ቀረጡ በመጀመሪያ የሚሰላው ገዢው ከፈልኩ ባለው ዋጋ ላይ ነው። 10 ዶላር የተገዛውን 3 ዶላር ነው ያለ ሰው በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ፋንታ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ቀረጥ ከፍሎ ይወጣል። ከቀረጡ በላይ የሚደረደሩት ሌሎቹ ግብሮችም በዚያው ልክ ያንሳሉ። በሻንጣ የሚገባውን ደግሞ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ የሚታየው ርካሽ ዋጋ ምን ያህሉ የቻይና ፋብሪካ ቅልጥፍና፣ ምን ያህሉ የተሸሸገ ቀረጥ እንደሆነ ማንም ሳይለይ "ገበያ ነው፣ ተወዳደሩ" እንባላለን።

ተወዳደሩ ስትሉን የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ትዝ ይሉኛል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ጫማ ሲያጥለቀልቃቸው ስንቱ ወርክሾፕ ተዘጋ፣ ስንቱ ሠራተኛ ተበተነ። የቀሩት ቆዳውንም ቅርጹንም አሻሽለው ገበያውን መልሰው ያዙ። ይህ ታሪክ ሁሌም ምሳሌ ሆኖ ይነገረናል። የማይነገረን ሌላው ግማሽ አለ። በዚያው ዘመን፣ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ.፣ የአውሮፓ ኅብረት ከቻይና በሚገባ የቆዳ ጫማ ላይ 16.5 በመቶ፣ ከቬትናም በሚገባው ላይ 10 በመቶ ፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ ጣለ። እስከ መጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ቆየ። የጣሊያን ጫማ ሠሪ ማሽንም፣ ባንክም፣ ስምም ነበረው። ያም ሆኖ "ራስህን ቻል" አልተባለም። ደግሞ ጫማ ሠሪው ሲሻሻል ማሽን ይለውጣል። ጋሼ ምናቸውን ይለውጡ? ማሽን የገባ ቀን የሚሸጡት ነገር ራሱ ይቀራል።

አንድ ጊዜ ከሁለት ሸማኔዎች ጋር ሆነን አቤት ለማለት አንድ ቢሮ ሄደን ነበር። የትኛው እንደሆነ መናገር አልፈልግም፤ ያነጋገረን ልጅ ትሑት ነበር። ውክልና አለን ወይ አለ። የማኅበር ደብዳቤ አለን ወይ አለ። የሦስት ዓመት የሽያጭ መዝገብ አምጡ አለ። ከሁለቱ አንዱ ከኪሳቸው አሮጌ የደብተር ቅጠል አወጡ፤ ያለባቸው የክር ዕዳ የተጻፈበት ነው። ልጁ አየውና መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም።

በኋላ ነገሩን ሳነብ ልጁ የጠየቀን ጥያቄ ከየት እንደመጣ ገባኝ። የዓለም ንግድ ድርጅት የፀረ ዳምፒንግ ስምምነት አቤቱታ እንዲታይ ሁለት መስፈርት አለው። ከሚደግፉትና ከሚቃወሙት አምራቾች መካከል የደጋፊዎቹ ምርት ከግማሽ መብለጥ አለበት። ደግሞም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ25 በመቶ ማነስ የለበትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ግን የድሩን ብዛት ማን ቆጥሮት ያውቃል? ሸማኔው ሽሮ ሜዳም አለ፣ ጨንቻም አለ፣ ጎንደርም አለ፣ በየጓዳው አለ። የአገሩ ጠቅላላ ምርት ስንት ሆኖ ነው 25 በመቶው የሚወጣው?

ከዚያው ስምምነት ውስጥ ግን ስለ እኛ የተጻፈ የሚመስል ነገር አገኘሁ። አምራቾቹ እጅግ ብዙና የተበታተኑ ከሆኑ ባለሥልጣኑ በናሙና ብቻ ድጋፋቸውን ማረጋገጥ ይችላል ይላል። በልዩ ሁኔታ፣ በቂ ማስረጃ በእጁ ካለ፣ ማንም ሳያመለክት በራሱ ምርመራ መጀመር ይችላል ይላል። ትንንሽ ድርጅቶች መረጃ ማቅረብ ሲቸግራቸው የሚቻለውን እገዛ ያድርግላቸው ይላል። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ለመሆን ከጠየቀችበት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ድርድር ላይ ናት። የገባን ቀን ቀረጥ እንደፈለግን ከፍ ማድረግ አይቻልም። በእጃችን የሚቀረው እንዲህ ያለው መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ለሲሚንቶና ለብረት ፋብሪካ ብቻ በሚሆን ቁመት እንዳትሰቅሉት ነው ልመናዬ። ፋብሪካ ጠበቃ አለው። ጋሼ ያላቸው የደብተር ቅጠል ነው።

ይከልከል አላልኩም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ (ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) እንዳይከፈትላቸው ተብሎ ነበር። ሽቶውም ውስኪውም ከሱቅ አልጠፋም፤ የተለወጠው ዋጋውና የሚገባበት በር ነው። ደግሞ ፕሪንት የምትገዛዋን ሴት አውቃታለሁ። ሦስት ልጆች አሏት፤ ለትምህርት ቤት የባህል ቀን ሦስቱንም ማልበስ አለባት። የጋሼን ጨርቅ ትግዛ ብል ግፍ ነው። ደቡብ አፍሪካም እዚህ ጣጣ ውስጥ ገብታ ነበር። ከብራዚልና ከአራት የአውሮፓ አገሮች በሚገባ ዶሮ ላይ ልትጥለው የነበረውን ቀረጥ፣ የምግብ ዋጋ ሕዝቡን አስጨንቋል ብላ በ2022 እ.ኤ.አ. ለ12 ወር አቆየችው። በዓመቱ ተግባራዊ አደረገችው። ዶሮና ቀሚስ አንድ አይደሉም፤ ገዢውን መመዘን ግን ያስፈልጋል። እኔ የምጠላው ያቺ እናት ፕሪንት መግዛቷን አይደለም። የእጅ ሥራ ነው ተብላ መግዛቷን ነው።

ህንዶች በዚህ ከእኛ ቀድመዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የተወሰኑ የልብስ ዓይነቶችን በእጅ ሸማኔ ብቻ እንዲሠሩ ለይተዋል፤ የአንዳንድ ሳሪ ዓይነቶችም አሉበት። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእጅ ሽመና ምልክት አወጡ። ገዢ ምልክቱን አይቶ ይገዛል። የሕጉን አፈጻጸም በተመለከተ እነሱም ያማርራሉ። ቢያንስ ግን ምን እንደሚለያይ በወረቀት ላይ አስፍረዋል።

እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ ያነሰ ነው። ከሁሉ በፊት ይቆጠር። በታሪፍ መጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ዓለም አቀፍ ናቸው፤ ቀጥሎ ያለውን አገር ራሷ ትከፋፍላለች። ጥለት የታተመበት ጨርቅና የሐበሻ ልብስ የራሱ ቁጥር ይሰጠው። አሁን ከመጋረጃና ከሽርጥ ጨርቅ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ ስንት እንደገባ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም። የራሱ ቁጥር ካለው የተመዘገበውን ዋጋ ከዓመት ዓመት ማየት ይቻላል። የ3 ዶላሩ ነገርም ያኔ ይገለጣል።

ቀጥሎ ጽሑፍ ይለጠፍበት። "በማሽን የታተመ"፣ በአማርኛ፣ አንገቱ ላይ። ከጨርቁ ጋር የተሰፋ እንጂ ተቀዶ የሚጣል ወረቀት አይሁን። ይህ ለእናንተ ምንም ወጪ የለውም። ከቀረጡም በላይ የሚጠቅመን ይህ ይመስለኛል። የመንደሩ ነጋዴ ግማሹ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ሰላምታ እንደሚነፍገኝ አውቃለሁ። ይንፈገኝ።

ሦስተኛው ሰው ነው። ርካሽ ገቢ ዕቃን የሚመረምረው ክፍል ውስጥ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመጣ አንድ ባለሙያ ይመደብ። እኛ ፎርም ይዘን ወደ እሱ ከምንሄድ እሱ ደብተር ይዞ ይምጣ። ሸማኔዎቹን ቁጭ ብሎ ያነጋግር፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ክሩን በስንት እንደሚገዙ ይጻፍ። (ክሩም ተወዷል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህማ አይነሳ። እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው።) ምርመራው ተደርጎ ዳምፒንግ የለም ቢባል እቀበላለሁ። ሳይጠየቅ የለም መባሉን ነው ያልተቀበልኩት።

ስትመጡ ቅዳሜ ባትመጡ ጥሩ ነው፤ ገበያ ይበዛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ጋሼም ያኔ ቤታቸው ሥራ ላይ ናቸው። ቡና አፈላለሁ።

እስከዚያው የላክሁላችሁን ፕሪንት እንደገና አንሱት። ከግራ ጫፍ አራት ጣት ገባ ብላችሁ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ፣ የዘለለችውን ቢጫ ክር ፈልጉ። ከዚያ የእጅ ሥራውን አጠገቡ አድርጋችሁ እዚያው ቦታ ላይ እዩ። አይታችሁ ስትጨርሱ የእጅ ሥራውን መልሱልኝ፤ ጋሼ ቆጥረው ነው የሰጡኝ። ፕሪንቱን ማስቀረት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከሽሮ ሜዳ፣ የሸማ ነጋዴ

ግልባጭ፦ ለጉምሩክ ኮሚሽን